የኦቦ በዳሳ አውራ ጣት

ኦቦ በዳሳ ማረፋቸውን የነገረኝ ታናሽ ወንድማቸው ገመዳ ነው። ጠዋት ነበር፤ አሰላ ላይ ጉሙ ገና አልተገፈፈም። ገመዳ ሰላምታ የሚያበዛ ሰው ነው፤ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ጤናዬ፣ ስለ ዝናቡ ሳይጠይቅ ወደ ነገሩ አይገባም። የዚያን ቀን ግን «ባርሲስቱ፣ ወንድሜ ወንዙ ውስጥ ተገኘ» ብሎ ጀመረ። ባርሲስቱ በኦሮምኛ መምህርት ማለት ነው፤ ኦቦ በዳሳ ያወጡልኝ ስም ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ቤተሰቡ ሁሉ በዚያው ይጠራኛል።

«የትኛው ወንዝ?» አልኩት። ሰው ሞተ ሲባል እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም፤ ግን የትኛው እንደሆነ ልቤ ስላወቀ ነው አፌ የቀደመኝ። ከሳጉሬ በላይ፣ በእነሱ ማሳና ደም በተቃቧቸው ጎረቤቶቻቸው ማሳ መካከል የሚወርድ ቀጭን ወንዝ አለ። በበጋ ሕፃን ልጅ ይሻገረዋል። ወሩ ደግሞ ጥር ነበር።

«እሱ ነው» አለኝ ገመዳ።

ከእስር ከተፈቱ ስምንት ወራቸው ነበር። የተፈቱት በከፊል እኔ በጻፍኩት ማመልከቻ ነው። ወንዙ ውስጥ የተገኙትም በከፊል በዚያው ማመልከቻ ይመስለኛል። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ እዚህ ላይ ግን ሳልናገረው ባልፍ ስለ እሳቸው የምጽፈው ሁሉ ውሸት ይሆናል።

ያወቅኋቸው ማረሚያ ቤት ውስጥ ነው። ለታራሚዎች ትምህርት ቤት የአማርኛ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ ሦስት ቀን ሙሉ አኩርፌ ነበር፤ ሰው ሁሉ የተሻለ ቦታ ሲያገኝ እኔን ብረት በር ውስጥ ወረወሩኝ ብዬ። አራተኛው ቀን ክፍል ስገባ የመጨረሻው ዴስክ ላይ ጉልበታቸው ከጠረጴዛው በላይ የቀረ፣ ሃምሳውን የተሻገሩ ረጅም ሰው አየሁ። ሲታሰሩ ማንበብም መጻፍም አይችሉም ነበር። ኦሮምኛውን በቁቤ እዚያው ግቢ ውስጥ ተምረው ጨርሰዋል፤ አሁን ደግሞ ሀ ብለው የአማርኛ ፊደል ሊቆጥሩ መጥተዋል።

«በዚህ ዕድሜ ምን ያደርግልዎታል?» አልኳቸው። እንደ አስተማሪ መናገር የነበረብኝ እንዲህ አልነበረም።

«አዲስ አበባ ያለው የመጨረሻው ችሎት በአማርኛ ነው አሉኝ» አሉ። «እዚያ የምልከውን ራሴ ማንበብ አለብኝ። እዚህ ያመጣኝ ያላነበብኩት ወረቀት ነው።»

እርሳስ ሲይዙ በሌባ ጣትና በመሀል ጣት መካከል ነው፤ አውራ ጣታቸውን ወደ መዳፋቸው አጥፈው ይሸሽጉታል። ጽሑፋቸው እየተንጋደደ አስቸገረኝ። ምላሴ ደግሞ አያርፍምና አንድ ቀን «አውራ ጣትዎን ማን ሰረቀብዎት?» አልኳቸው። ክፍሉ ሳቀ፤ እሳቸውም ሳቁ።

«አስሬዋለሁ ባርሲስቱ። ያሳሰረኝ እሱ ነው። እኔ ታስሬ እሱ ለምን ይፈታ?»

ሳሙና ሲታደል፣ ብርድ ልብስ ሲሰጥ፣ ስንቅ ሲገባ ሌላው ታራሚ ጣቱን ቀለም ነክሮ መዝገቡ ላይ ያሳርፍና ያልፋል። እሳቸው እስኪርቢቶ ይጠይቃሉ፤ መጀመሪያ መዝገቡ ላይ የተጻፈውን ከላይ እስከ ታች ያነባሉ፤ ከዚያ ስማቸውን ከነአባታቸውና ከነአያታቸው ይጽፋሉ። ኋላቸው የተሰለፈው ሰው ያጉረመርማል። አንድ ዘበኛ «ሽማግሌ፣ ሳሙና ነው እንጂ ርስት አይደለም» ሲላቸው ሰምቻለሁ። «የኔም ወረቀት እርቅ ነው ተብሎ ነበር» አሉት።

ታሪካቸውን ያወቅሁት ቀስ በቀስ ነው። በአጨዳ ሰሞን፣ ኮምባይነሩ የማንን ማሳ አስቀድሞ ይጨድ በሚል በሁለቱ ጎረቤት ቤተሰቦች መካከል ጠብ ተነሣ። ከየወገኑ ብዙ ሰው ነበር፤ ዱላ ተነሣ፤ ቱፋ የሚባል ጎልማሳ ራሱን ተመትቶ በሦስተኛው ቀን ሞተ። ኦቦ በዳሳ የዚያን ዕለት ሁሩታ ለቅሶ ሄደው ነበር። ሰንብተው ሲመለሱ የጠበቃቸው ሬሳ ነው።

በአገሩ ልማድ ደም የሚደርቀው በጉማ ነው። ሽማግሌዎች ይገባሉ፤ የገዳይ ወገን ለሟች ወገን ካሣ ይከፍላል፤ ይማላል፤ ከዚያ ወዲያ ማን መታ፣ የማን ዱላ ነበር ተብሎ አይጠየቅም። ካሣውን የሚከፍለው ሰውዬው ሳይሆን ጎሳው ነው፤ ስለዚህ ወረቀት ሲጻፍ ጣቱን የሚያሳርፈው የቤቱ አንጋፋ ነው፤ ያደረገውም ያላደረገውም ቢሆን። አንጋፋው ኦቦ በዳሳ ነበሩ። የእሳቸው ቤት «ማን እንደመታ አናውቅም» ብሎ ማለ፤ የቱፋ ቤት «አንጠይቅም» ብሎ ማለ። ጣታቸውን አሳረፉ። ደም ደረቀ ተባለ።

ወረቀቱ ግን ከሽማግሌዎቹ እጅ ወጥቶ ዐቃቤ ሕግ እጅ ገባ። «የገደልነውን ሰው ደም ለማድረቅ» ይላል መጀመሪያው፤ ከታች የእሳቸው አሻራ ብቻ አለ። ችሎት ሲቀርቡ ሽማግሌዎቹ አደራ ብለዋቸው ነበር፤ ብዙ አትናገር፣ እርቁ ይፈርሳል፣ ፍርድ ቤቱም እርቁን አይቶ ይተውሃል ብለው። እሳቸውም የመጡት ለሥርዓቱ ያህል መስሏቸው ዝም አሉ። ዐሥራ ስድስት ዓመት ተፈረደባቸው።

«የጣትህ አሻራ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ፤ አዎ አልኩ» ይሉ ነበር ሁልጊዜ። «ለምን አሳረፍክ ብሎ የጠየቀኝ የለም። አንድ ጥያቄ ነው የጎደለኝ ባርሲስቱ። አንድ መስመር። ይህ ወረቀት የሰላም ነው፣ በዳሳ ገደልኩ አላለም የሚል አንድ መስመር ቢኖርበት ኖሮ እዚህ አልነበርኩም።»

ልፈታ ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። ልጠየቅ ነው የሚሉት። እኔ ነገሩ አናደደኝ። የማይናደድ ሰው እንዴት ያናድዳል። ይግባኛቸው ሳይሳካ ቀርቶ ነበር፤ የክልሉ ሰበር ችሎትም በዚያ ሰሞን አቤቱታውን አይቶ «አያስቀርብም» ብሎ መልሶታል። አያስቀርብም ማለት በቃ ማለት ነው፤ ሌላኛው ወገን አይጠራም፣ አንተም አትሰማም፣ መዝገቡ ይዘጋል። የእጅ ጽሑፋቸው ሲስተካከል፣ በአማርኛ የሚወዱትን አንድ ቃል ሰሌዳ ላይ እንዲጽፉ ለክፍሉ አዘዝኩ። አንዱ እናቴ፣ አንዱ ነፃነት፣ አንዱ ዳቦ ብሎ ጻፈ። ኦቦ በዳሳ ጠመኔውን በሁለት ጣት ይዘው «ያስቀርባል» ብለው ጻፉ። የዚያን ቀን የአዲስ አበባውን ማመልከቻ እኔ እጽፍልዎታለሁ አልኳቸው። እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም ነበር፤ ግን እልህ ያዘኝ።

ወሬው ሳጉሬ ለመድረስ ሳምንት አልፈጀበትም። ከሥራ ስወጣ ገመዳ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ያኔ ነው መጀመሪያ ያየሁት፤ ደርባባ፣ ጥሩ ጃኬት የለበሰ ሰው።

«ማሎ፣ እባክሽ ባርሲስቱ፣ አትጻፊ» አለኝ። «ወንድሜ ግማሹን ጨርሷል። በአመክሮ ይወጣል። አሁን አልገደልኩም ካለ፣ የቱፋ ሰዎች ታዲያ ማን ገደለ ይላሉ። አንጠይቅም ብለው የማሉት እኛ አናውቅም ስላልን ነው። አንዱ መሐላ ከተነሣ ሌላውም ይነሣል። አንቺ ከተማ ነሽ። እኛ ነን ከእነሱ ጋር አንድ ወንዝ የምንጠጣው።»

«ሰው ሳይሰማ ታስሮ ይኑር ነው የምትለው?»

«ሰው አይሙት ነው የምለው።»

ሲናገር የጃኬቱን ቁልፍ ይቆልፍና ይፈታ ነበር። እኔም እጁን አየሁና በልቤ ፈረድኩበት። አንተ ነህ የመታኸው፣ ወንድምህ ያንተን ነው የተሸከመልህ አልኩ። ማንም አልነገረኝም። እስከ ዛሬም አላውቅም።

በማግስቱ ለኦቦ በዳሳ ነገርኳቸው። በመስኮት ወደ ጭላሎ አዩ፤ ተራራው በደመና ተሸፍኖ ምንም አይታይም ነበር። «ገመዳ ልክ ነው» አሉ። «እኔም ልክ ነኝ። ስለዚህ ስለራሴ ብቻ ጻፊ። ለምን ጣቴን እንዳሳረፍኩ፣ የት እንደነበርኩ። ስለ ሌላ ሰው አንድ ቃል እንዳይገባ።» ደግመው አስማሉኝ። ማልኩ።

የጻፍኩትን እያንዳንዱን ገጽ በእጃቸው ይዘው፣ በሌባ ጣታቸው እየተከተሉ፣ ጮክ ብለው አነበቡት። ሁለት ሳምንት ፈጀ። ከዚያ አሰላ አንድ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ወስጄ አስተየብኩት። የማስገቢያው ቀነ ገደብ በማግስቱ ያልቅ ነበር። የተተየበው ሲነበብ ለስላሳ መሰለኝ፤ ጥርስ የሌለው። ዳኞቹ ይህን አይተው «አያስቀርብም» ይላሉ ብዬ ፈራሁ። ከጸሐፊዋ ጎን ቆሜ አንድ ዓረፍተ ነገር አስጨመርኩ፦ «ድብደባውን የፈጸመው ማን እንደሆነ ቤተሰቡ ያውቃል።»

ለፊርማ ሳመጣላቸው ማንበብ ጀመሩ። «ጊዜ የለም፤ የአዲስ አበባው መኪና ሊሄድ ነው፤ ያው ያነበቡት ነው» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ሳሙና ለመቀበል መዝገብ የሚያነብ ሰው፣ እኔ ስለሆንኩ፣ ሳያነብ ስሙን ከነአያቱ ጻፈ።

ከአምስት ወር በኋላ «ያስቀርባል» የሚል መጣ። ግቢው ሁሉ ጨፈረ፤ እኔ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ቀጥሎ ሰበር ችሎቱ ክርክሩን ሰምቶ፣ ፍርደኛው ስለ አሻራው ተጠይቆ ማስረጃው እንደገና ይመዘን ብሎ መዝገቡን ለሥር ፍርድ ቤቱ መለሰው። ከዚያ በኋላ ነው የፈራሁት። ፍርሃቴ ከድሉ ጋር አብሮ መጣ፤ የጨመርኩትን መስመር ልነግራቸው በየቀኑ እየተነሣሁ ሳልነግራቸው ዋልኩ።

ችሎቱ የዋለ ቀን አዳራሹ በሁለት ወገን ተሞልቶ ነበር። በቀኝ ገመዳና ሰዎቹ፤ በግራ የቱፋ እናት አዴ ጫልቱና የቀረ ልጃቸው ሮባ። አዴ ጫልቱ ሲንቄያቸውን ይዘው ነው የመጡት። ሲንቄ ያገባች የአርሲ ሴት የምትይዘው ቀጭን በትር ነው፤ ሁለት ጠበኛ መካከል ገብታ ከዘረጋችው ማንም አልፏት አይማታም። ፈታሾቹ በትር አይገባም ብለው በሩ ላይ አስቀመጡት። ምን እንደሆነ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ ሥርዓት ሆኖባቸው ነው። ባዶ እጃቸውን ገብተው ተቀመጡ።

የመሀል ዳኛው ወረቀቱን አሳዩዋቸው። «ይህን አሻራ ለምን አሳረፉ?»

ኦቦ በዳሳ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቁት ጥያቄ ነው። የታጠፈውን አውራ ጣታቸውን ከመዳፋቸው አውጥተው አዩትና «አንጋፋ ስለሆንኩ» አሉ። «ሰው ስለሞተ። ሌላ ሰው እንዳይሞት። እኔ ግን ሁሩታ ነበርኩ፤ አልገደልኩም።» ሁሩታ ለቅሶ የደረሱላቸው ሰዎችም ቀርበው መሰከሩ። እዚያ ላይ ቢያበቃ እንዴት ጥሩ ነበር።

ዳኛው ግን ገጽ ገለጡና «ማመልከቻዎ ላይ ማን እንደመታ ቤተሰቡ ያውቃል ይላል። ይህ የእርስዎ ፊርማ ነው?» አሉ።

ኦቦ በዳሳ ወደ ዳኛው አላዩም፤ ዞረው እኔን አዩኝ። መምህርቷ ጨምራው ነው ማለት ይችሉ ነበር። ተነሥቼ እኔ ነኝ ማለት እችል ነበር። አልተነሣሁም።

«ፊርማው የኔ ነው» አሉ።

«ማን ነው የመታው?»

«የተጠራሁት ስለ ራሴ ልጠየቅ ነው፤ ስለ ራሴ መልሻለሁ።»

አዴ ጫልቱ ተነሡ። ወደ በሩ ሄደው በትራቸውን አንሥተው ወጡ፤ ሮባም ተከተላቸው። ገመዳ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

በነፃ የተለቀቁ ቀን ብረት በሩ ላይ ተቀበልኳቸው። አንዲት ፌስታል ይዘዋል። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለምን ጻፍሽው?»

«እንዲፈቱ ብዬ ነው። ካላልኩት የሚሰሙዎት አልመሰለኝም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሩ። ጠየቅሁሽ፣ መለስሽ።» ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። አሰላ ይቆዩ፣ ቤት እንከራይልዎ ብዬ ለመንኳቸው። «ከሸሸሁ መታሁ ማለት ነው» ብለው የሳጉሬ ሚኒባስ ላይ ወጡ።

በየሁለት ሳምንቱ ይደውሉልኝ ነበር። የሚያወሩኝ ትናንሽ ነገር ነው። የቱፋ ሰዎች በመንገድ ሰላምታ አቁመዋል። ሮባ ወንዙ ዳር ቆሞ ያያል፤ ምንም አይናገርም፣ ያያል ብቻ። የእነሱ ከብት ከዚህኛው ዳር አይጠጣም፤ የእኛም ከዚያኛው። የኦቦ በዳሳ ውሻ ሞቶ ተገኘ፤ «አርጅቶ ነው» አሉኝ፣ ሦስት ዓመቱ ነበር። በመጨረሻው ስልክ «ገመዳ ሌሊት አይተኛም፤ እኔ እተኛለሁ፤ ተጠይቄያለሁና» ብለው ሳቁ።

ፖሊስ መጥቶ አይቶ ሄደ። ራሳቸው ላይ ያለው ቁስል ከድንጋይ ይሁን ከዱላ መለየት አልተቻለም ተባለ። ምርመራው አልተዘጋም።

ለቅሶው ከወጣ በኋላ ሽማግሌዎች ወንዙ ዳር አስቀመጧቸው፤ ሁለቱን ወገን፣ እንደ በፊቱ። እኔንም ጠሩኝ። የሽማግሌዎቹ አለቃ ኦቦ ኡርጌሳ በኦሮምኛ «ወረቀቱን አንቺ ጻፊ፤ እሱ የሚያምነው ያንቺን ጽሑፍ ነበር» አሉኝ። እንደ ስድብ ነው የሰማሁት፤ እሳቸው ግን በቅን ነው የተናገሩት። አዴ ጫልቱ ሲንቄውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠዋል። በዚህኛው ጊዜ ጣት የሚያሳርፈው ቤት የእሳቸው ነበር፤ አንጋፋው ሮባ ነው። የቀለሙን ሣጥን ከፍተው አቀረቡለት፤ አውራ ጣቱን ነከረ። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ሰው ነው።

«ሮባ» አልኩት፣ «ለምንድን ነው የምታሳርፈው?»

ኦቦ ኡርጌሳ ተቆጡ። ይህ አይጠየቅም አሉ። እኔ ግን ሮባን ብቻ ነው የማየው።

«አንጋፋ ስለሆንኩ» አለ። «የዚያን ቀን አርቦዬ ከተማ ነበርኩ። በደጃችን ስለሞተ ነው እንጂ እኔ አልነካሁትም።»

እውነቱን ይሁን ውሸቱን አላውቅም። ወረቀቱ ላይ ያለውን ሁሉ ጻፍኩና መጨረሻ ላይ አንድ መስመር ጨመርኩ፦ ይህ ወረቀት ለሰላም የተጻፈ ነው፤ ሮባ ገደልኩ አላለም። ጮክ ብዬ አነበብኩት። በዚህኛው ጊዜ ሁሉም ሰማ።

ገመዳ ተነሣ። «ያ መስመር ካለ እርቅ የለም» አለ። «ያኔ ለእኛ ማን ጻፈልን? ወይ ይውጣ፣ ወይ ይቅር።»

ሽማግሌዎቹ እኔን አዩኝ። አዴ ጫልቱም አዩኝ። ሮባ ቀለም የነካ ጣቱን ጥቂት አየውና ወደ መዳፉ አጥፎ ጨበጠው። «ሳይጻፍ አላሳርፍም» አለ።

ኦቦ ኡርጌሳ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ሰዉ በሁለት ወገን እየሆነ ተነሣ፤ ከወንዙ ወዲህና ወዲያ ማንም ማንንም ሳይሰናበት ሄደ። ትክክል እንደሆንኩ አውቃለሁ። ያኔም ኮምፒውተር ቤቱ ውስጥ፣ ያን ዓረፍተ ነገር ሳስጨምር፣ ትክክል እንደሆንኩ አውቅ ነበር።